ከማጣሪያው በፊት የሚታዘዘው የእጅ አንጓ ኤምአርአይ፦ ምን ይለያል፣ የት ያሳስታል

ከ17 ዓመት በታች የአፍሪካ ዋንጫ የዞን ማጣሪያ ሲቃረብ ፌዴሬሽኖችና አካዳሚዎች ከሚከፍሉባቸው አገልግሎቶች ሁሉ እንደ እጅ አንጓ ኤምአርአይ (በማግኔት ኃይል የሰውነትን ውስጥ የሚያሳይ ምስል፣ እዚህ ላይ ለዕድሜ ማጣሪያ የሚውል) የሚያነታርክ የለም። አንዱ "ዕድሜን ቁልጭ አድርጎ የሚያሳይ ማሽን" ይለዋል፤ ሌላው የልጆችን ዕድል የሚቀማ ሸፍጥ ያደርገዋል። ሁለቱም ልክ አይደሉም። ምርመራው የሚመልሰው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፣ ልጁ ከ17 ዓመት ማለፉን አጥንቱ ያሳያል ወይ የሚለውን፤ ያንን ግን ደህና አድርጎ ይመልሳል። ችግሩ የሚመጣው ሌላ ጥያቄ ሲጠየቅ ወይም ጊዜው ካለፈ በኋላ ሲጠየቅ ነው። (ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ማሽኑ የሚያየው ከአውራ ጣት በኩል ያለው የክንድ አጥንት ከአንጓው ጋር የሚገናኝበትን ጫፍ ነው። በልጅነት እዚያ ጫፍ ላይ ገና ያልጠነከረ ለስላሳ አጥንት ተነጥፎ ይገኛል፤ ክንድ የሚረዝመው በዚያ በኩል ነው። እድገት ሲያበቃ ንጣፉ ይጠነክርና ይዘጋል። ፊፋ የተቀበለው መለኪያ ይህን ሂደት ስድስት ደረጃ ይሰጠዋል። 1 ሙሉ በሙሉ ክፍት ነው፤ 2 መዘጋት መጀመሩ፤ 3 ከግማሽ በታች፣ 4 ከግማሽ በላይ የተዘጋ፤ 5 ከ5 ሚሊ ሜትር ያነሰ ቅሪት ብቻ የሚታይበት፤ 6 ጭርሱን የተዘጋ። ከ1 እስከ 5 ያገኘ ያልፋል፣ 6 ያገኘ ይወድቃል። ስለዚህ ሙግቱ ሁሉ ያለው በ5 እና በ6 መካከል፣ ከሩዝ ፍሬ በምታንስ መስመር ላይ ነው። 3 ያገኘ ልጅ 5 ካገኘው ያነሰ ዕድሜ አለው ብሎ መከራከር ዋጋ የለውም፤ መለኪያው ለዚያ አልተሠራም።

መሠረቱ በ2007 የታተመ ጥናት ነው። ከስዊዘርላንድ፣ ከማሌዥያ፣ ከአልጄሪያና ከአርጀንቲና የተውጣጡ፣ ዕድሜያቸው ከ14 እስከ 19 የሆነ 496 ወንድ ተጫዋቾች ተመርምረው፣ ከ16 ዓመት ልጆች መካከል አጥንታቸው ጭርሱን ተዘግቶ የተገኘው ከመቶ አንድ እንኳ አልሞሉም። ፊፋም በ2009 ናይጄሪያ ላይ በተካሄደው ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ምርመራውን ግዴታ አደረገው። የአፍሪካን እግር ኳስ የሚመራው ካፍና ዞኖቹም ተከተሉ።

"ከመቶ አንድ አይሞላም" ሲባል ደስ ይላል፤ ሒሳቡ ግን ተጠንቅቆ መሠራት አለበት። ስህተቱ 0.8 በመቶ ነው ብንልና 30 እውነተኛ የ16 ዓመት ልጆች ቢመረመሩ፣ ቢያንስ አንድ ንጹሕ ልጅ የመውደቁ ዕድል 21 በመቶ ገደማ ይሆናል። እንዲህ ያሉ አምስት ቡድኖች ቢኖሩ በአንዱ አንድ ልጅ ያለ ጥፋቱ ይቀራል ማለት ነው። ለዚህ ነው የወደቀ ልጅ ሁሉ አጭበርባሪ ተብሎ ስሙ በየሚዲያው መነሳት የሌለበት። በተቃራኒው በኩል ያለው ስህተት ደግሞ እጅግ ይሰፋል፦ 18 እና 19 ዓመት ሞልቷቸው አጥንታቸው ገና ያልተዘጋ ብዙ ናቸው። በልጅነቱ ምግብ ያነሰው ወይም ሕመም ያጠቃው ልጅ አጥንቱ ዘግይቶ ስለሚዘጋ፣ በእኛ አካባቢ ይህ ቀዳዳ ይበልጥ ሳይሰፋ አይቀርም። "ኤምአርአይ አልፏል" ማለት "ዕድሜው ትክክል ነው" ማለት አይደለም። "ከ17 ማለፉ አልተረጋገጠም" ማለት ነው እንጂ።

ከሁሉም በላይ አገልግሎቱን የሚገዙት የሚዘነጉት ጊዜውን ነው። ስሙ "ከ17 ዓመት በታች" ይሁን እንጂ ደንቡ የሚቆጥረው የልደት ዓመት ነው። ለ2023ቱ ውድድር መነሻው ጃንዋሪ 1 ቀን 2006 ነበር። በኦክቶበር 2022 አዲስ አበባ፣ አበበ ቢቂላ ስታዲየም ላይ የሴካፋ (የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ዞን) ማጣሪያ ሲካሄድ በደንቡ መሠረት የመጨረሻው ትልቅ ልጅ 16 ዓመት ከ9 ወር ነበር፤ መለኪያው የሚታመንበት ዕድሜ ማለት ነው። በኤፕሪል 2023 አልጄሪያ ላይ የአፍሪካ ዋንጫው ሲጀመር ያው ልጅ 17 ዓመት ከ4 ወር ገደማ ሆነው። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ኢንዶኔዥያ ላይ የዓለም ዋንጫው ሲጀመር 17 ዓመት ከ10 ወር። ወረቀቱ ንጹሕ ነው፣ ደንቡ ይፈቅድለታል፣ አጥንቱ ግን በተፈጥሮው የሚዘጋበት ጊዜ ላይ ደርሷል። መለኪያው ከማጣሪያው ወደ ዋናው ውድድር በተሄደ ቁጥር ንጹሑን የመጣል ዕድሉ ያድጋል።

ደቡብ ሱዳን በዚያ የአዲስ አበባ ማጣሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ አልፋ፣ አልጄሪያ ላይ አንድም ጨዋታ ሳታደርግ በኤምአርአይ ውጤት ምክንያት ታገደች፤ ምድብ ሐም ማሊን፣ ቡርኪና ፋሶንና ካሜሩንን ብቻ ይዞ ቀረ። የዚያ ቡድን ልጆች ንጹሕ ነበሩ ወይም አልነበሩም ለማለት አይደለም። ነገር ግን የኦክቶበር ምስል በኤፕሪል ዋስትና እንደማይሆን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ የለም። ማጣሪያውን ያለፈ ቡድን ወደ ዋናው ውድድር ከመብረሩ ከሦስትና ከአራት ሳምንት በፊት ሁሉንም ዳግመኛ ማስመርመር አለበት፤ በተለይ በማጣሪያው ጊዜ 4 እና 5 ያገኙትን። ደረጃ 1 እና 2 የነበሩት በግማሽ ዓመት 6 ይደርሳሉ ተብሎ አይጠበቅም፤ በጀት ካነሰ ቅናሹ ከእነሱ ይጀመር።

ካሜሩን የተሻለውን መንገድ አሳይታለች፣ ዋጋው ቢመርም። በ2023 መጀመሪያ ላይ ለመካከለኛው አፍሪካ ማጣሪያ ስትዘጋጅ ፌዴሬሽኑ ራሱ ልጆቹን አስመርምሮ ከ30 ተጫዋቾች 21ዱን አሰናበተ። ዜናው አሳፋሪ ነበር። ሆኖም በሌሎች ልጆች ተተክቶ የተጫወተው ቡድን አልጄሪያ ገብቷል። ከዚህ የሚወሰደው ተግባራዊ ነገር፦ ምርመራው ስም ዝርዝር ከመላኩ በፊት፣ ሰፋ ባለ ስብስብ ላይ ይደረግ። 23 ልጅ መርጦ 23ቱን ብቻ ማስመርመር ራስን ማጥመድ ነው፤ ሁለት ግብ ጠባቂ አንድ ቀን ሲወድቅ የሚተካ አይገኝም።

ለእኛ አገር ቡድኖች ደግሞ ከማሽኑ በፊት መስተካከል ያለበት ወረቀቱ ነው። ለ2026ቱ ውድድር መነሻው ጃንዋሪ 1 ቀን 2009፣ በእኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 2001 ዓ.ም. ነው። ጥቅምት 2001 ዓ.ም. የተወለደውን ልጅ "8 ደምር" ብሎ 2009 ላይ የሚጽፍ ሠራተኛ፣ በእውነቱ የ2008 ልጅ የሆነውን ለውድድር አስገባ ማለት ነው። የካቲት 2001 ዓ.ም. የተወለደውን "7 ደምር" ብሎ 2008 ያደረገው ደግሞ የሚገባውን ልጅ አስቀረ። ጳጉሜን 6 በሆነች ማግስት ያለው ዓመት ቀኑም በአንድ ይንሸራተታል፤ ለ2008ቱ መነሻ ልኩ ታኅሣሥ 22 ቀን 2000 ዓ.ም. ነበር። ኤምአርአይ የወራት ልዩነት ስለማይለይ ይህን ስህተት አያርምም፤ ተቃዋሚ ቡድን ግን የልደት ምስክር ወረቀቱን አገላብጦ ያገኘዋል።

ምርመራ ክፍሉ ውስጥ መጀመሪያ የሚጣራው ማንነት ነው። ፓስፖርቱ ልጁ አልጋው ላይ ከመተኛቱ በፊት ከፊቱ ጋር ይመሳከር፤ እንግዳ መቀበያው ላይ ታይቶ መመለሱ አይበቃም፣ ከዚያ እስከ ማሽኑ ድረስ ሌላ ልጅ ሊተካ ይችላል። ሰዓት፣ ቀለበት፣ ስልክ፣ ማተብ ላይ የተንጠለጠለ የብረት መስቀል ሁሉ ውጭ ይቀራል። መጾም አያስፈልግም፤ በደም ሥር የሚሰጥ ማቅለሚያ መድኃኒትም አያስፈልግም። ተቋሙ ለማቅለሚያ ካስከፈለ ሌላ ምርመራ እየሸጠ ነው።

የሚነሳው የግራ አንጓ ነው። ልጁ ግራውን ተሰብሮ የሚያውቅ ከሆነ አስቀድሞ ይነገር፤ ስብራት የዕድገት ንጣፉን ያለጊዜው ሊዘጋው ስለሚችል ቀኙ ይታያል። ለአንጓ የተሠራ መቀበያ ጥቅልል (ከአካሉ የሚመጣውን ምልክት የሚይዘው የማሽኑ ክፍል) መኖሩን መጠየቅ ተገቢ ነው። ለጉልበት የሚሆነውን አንጓ ላይ የሚጠቀም ቦታ ምስሉ ሻካራ ይሆናል፣ 5 ሚሊ ሜትሯም ትጠፋለች። 1.5 ቴስላ (የማግኔቱ ጉልበት መለኪያ) ማሽን ይበቃል። ቴክኒሻኑ የሚያነሳው ቲ-1 የሚባለውን፣ እጁ ጠፍጣፋ ተዘርግቶ ከላይ እንደሚታይ የተቆራረጠውን ምስል ነው። በዚህ ምስል ላይ የአጥንት መቅኔ ነጣ፣ ያልተዘጋው ንጣፍ ጠቆር ብሎ ይታያል።

ትልቁ ጠላት እንቅስቃሴ ነው። ክንድን ከራስ በላይ ዘርግቶ መተኛት ትከሻ ያደክማል፤ ልጁ ትንሽ ሲነቃነቅ ምስሉ ይደበዝዝና ደረጃ 5 የነበረው 6 መስሎ ሊነበብ ይችላል። የደበዘዘ ምስል ወዲያው ይደገም እንጂ "ይነበባል" ተብሎ አይታለፍ። ማንሳቱ ራሱ ደቂቃዎች ነው የሚወስደው፤ ማስተኛቱ፣ ማመቻቸቱና መመዝገቡ ሲጨመር ግን ለአንድ ልጅ 15 ደቂቃ ይያዝ። 30 ልጅ ሰባት ሰዓት ተኩል ነው። ሁሉን ባንድ ከሰዓት በኋላ እንጨርሳለን የሚል ተቋም ሊጣደፍ ነው።

ሪፖርቱ ሲመጣ "የአጥንት ዕድሜ 17 ዓመት ከ6 ወር" የሚል ከሆነ መመለስ ነው። ያ ከራጅ አትላስ (የየዕድሜው የእጅ ራጅ ምስሎች ስብስብ) ጋር የማመሳሰል ሌላ ዘዴ ነው፤ ለማጣሪያው አይሆንም። የሚፈለገው ከ1 እስከ 6 ያለ ደረጃ፣ የትኛው የምስል ቁራጭ ላይ እንደታየ፣ የአንባቢው ስምና ፊርማ ነው። ሁለት ሬዲዮሎጂስቶች (የምርመራ ምስል የሚያነቡ ሐኪሞች)፣ አንዱ የሌላውን ውጤት ሳያይ፣ የልጁን ስምና ቡድን ሳያውቁ ቢያነቡት ይመረጣል። 5 እና 6 ላይ ከተለያዩ ሦስተኛ ሰው ይይ። በዚህ መለኪያ የሠሩ ሬዲዮሎጂስቶች ብዙ ስላልሆኑ፣ ከዋጋው በፊት "ለእግር ኳስ አንብበው ያውቃሉ?" ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

ከ20 ዓመት በታች ለሚጫወት ቡድን ይህን አገልግሎት መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው፤ በዚያ ዕድሜ አንጓው የተዘጋም ያልተዘጋም ምንም አይነግርም። ለሴቶችም አይሠራም፣ አጥንታቸው ከወንዶቹ ቀድሞ ስለሚዘጋ የ16 ዓመት ልጅ በሐሰት ልትወድቅ ትችላለች። ወላጅ ወይም አሳዳጊ ሳይፈርምም ማንም ልጅ አይነሳ።

ከክፍያው ጋር ምስሉ ሙሉ በሙሉ በሲዲ ወይም በፍላሽ ይጠየቅ። በፊልም የታተመው ጥቂት ቁራጮችን ብቻ ስለሚይዝ ይግባኝ ሲነሳ ሁለተኛ አንባቢ ሊያነበው አይችልም፤ ተቋሙ ከጥቂት ወራት በኋላ መዝገቡን ሊያጠፋው ይችላል፣ ክርክሩ ግን የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከዚያ በኋላ ነው።