ያጠፋል፣ ይሞላል ወይስ ይጠብቃል? የመኪና ጭረት ማስወገጃዎችና መከላከያዎች ንጽጽር

በመኪና እንክብካቤ ዕቃ መደርደሪያ ላይ የቆሙት ጠርሙሶች የሚገቡት ቃል ተመሳሳይ ነው፤ ጭረት ያጠፋሉ፣ ያንጸባርቃሉ፣ ይጠብቃሉ። ውስጣቸው ያለው ነገር ግን ይለያያል። አንዱ የቀለሙን ገጽ እየፋቀ ጭረቱን ያስወግዳል። ሌላው ጭረቱን ሞልቶ ከዓይን ይሰውረዋል። ሌላው ደግሞ ያለውን ጭረት ሳይነካ በላዩ ላይ መከላከያ ያነጥፋል። ሴራሚክ የተባለውን ውድ መከላከያ ሽፋን አስቀብቶ ጭረቱን እንደነበረ የሚያገኘው ሰው፣ ርካሽ ማሳመሪያ ቀብቶ ከጥቂት እጥበት በኋላ ጭረቱ የሚመለስበትም ሰው ብዙውን ጊዜ የተታለሉት በዕቃው ጥራት አይደለም። የገዙት ለሌላ ሥራ የተዘጋጀ ነገር ነው።

ለመምረጥ የቀለሙን አሠራር ማወቅ ግድ ይላል። በአብዛኞቹ የዘመኑ መኪናዎች ላይ ከላሜራው ቀጥሎ ጸረ ዝገት ሽፋን፣ ከዚያ ቀለሙ እንዲይዝ ከሥሩ የሚቀባው ፕራይመር፣ ከዚያ ቀለሙ ራሱ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ቀለም ቀቢዎች «ክሊር» የሚሉት ቀለም አልባ ሽፋን ይገኛል። ሁሉም ተደምሮ ከፋብሪካ ሲወጣ ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 180 ማይክሮን ነው፤ ክሊሩ ብቻውን ከ35 እስከ 50 ማይክሮን ያህል ይሆናል። ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው። የሰው ጸጉር ውፍረት 70 ማይክሮን አካባቢ ስለሆነ፣ ቀለሙን ከፀሐይና ከዝናብ የሚጠብቀው ሽፋን ከአንዲት ጸጉር ይቀጥናል ማለት ነው።

በዚህ ቀጭን ሽፋን ውስጥ የቀረ ጭረት ቀላል ጭረት ይባላል። ጥፍርን በጭረቱ ላይ አቋርጦ በቀስታ ማሳለፍ ጥሩ መለኪያ ነው፤ ጥፍሩ ከተያዘ ፖሊሽ በሚባለው ደቃቅ መፋቂያ ብቻ በደኅና የሚወጣ አይደለም። ቦታውን በውኃ ማርጠብም ይረዳል፤ ሲረጥብ ጠፍቶ ሲደርቅ የሚመለስ ጭረት አብዛኛውን ጊዜ ክሊሩን አላለፈም። በጭረቱ ውስጥ የሌላ ቀለም መስመር፣ ይልቁንም የፕራይመሩ ግራጫ ወይም ነጭ ከታየ ደግሞ የትኛውም ማሸት አይመልሰውም፤ የመጠገኛ ቀለም ወይም የቀለም ቀቢ እጅ ይፈልጋል።

ከዚህ የሚከተለውን ገዢ ሁሉ እንዲይዝልኝ እወዳለሁ። ጭረት ጠፋ ሲባል በዙሪያው ያለው ክሊር እስከ ጭረቱ ወለል ድረስ ዝቅ አለ ማለት ነው። የተፋቀው አይመለስም። ቀላል ፖሊሽ ጥቂት ማይክሮን ብቻ ቢወስድም ሲደጋገም ይደማመራል፤ ክሊሩ ሲሳሳ የፀሐይን ጨረር የመከላከል ዐቅሙ ይደክማል፣ እየነጣ ይሄዳል፣ ኋላም ይላጣል። ያን ጊዜ ያለው መፍትሔ እንደገና መቀባት ነው። ስለዚህ በጀቱ ውስን የሆነ ሰው ገንዘቡን ከማጥፊያው አስቀድሞ በማጠቢያ ዕቃው ላይ እንዲያውል አጥብቄ እመክራለሁ።

ስፖንጅ ወይስ ጓንት?

በፀሐይ ወይም በመብራት ሥር ክብ ክብ ሆነው የሚታዩት ጥቃቅን ጭረቶች በእውነቱ ክብ አይደሉም። በየአቅጣጫው የተበተኑ ናቸው፤ ዓይን የሚያየው ብርሃኑን አግድም የሚያቋርጡትን ብቻ ስለሆነ መብራቱን የከበቡ ይመስላሉ። አብዛኞቹ የሚፈጠሩት በእጥበትና በማድረቅ ጊዜ፣ አሸዋና አቧራ በጨርቁና በቀለሙ መካከል ሲጎተት ነው። ባለቤቱ መኪናውን ሲንከባከብ በገዛ እጁ የሚያደርስበት ጉዳት መሆኑ ያሳዝናል።

ጠፍጣፋ ስፖንጅ ቅንጣቱን በገጹ ላይ እንደያዘ ይጎትተዋል። ረጃጅም ክር ያለው የማይክሮፋይበር ወይም የበግ ጸጉር ጓንት ግን ቅንጣቱ ወደ ውስጥ እንዲገባና ከቀለሙ እንዲርቅ ያደርጋል። የዋጋ ልዩነታቸው ትንሽ ነው፣ የውጤታቸው ልዩነት ትልቅ። ስፖንጁ ለጎማና ለቸርኬ ይቅር፤ ለቀለም የምመርጥበት ምክንያት አይታየኝም። ጓንቱም ቢሆን በአንድ ባልዲ እየተነከረ ቆሻሻውን መልሶ የሚያነሣ ከሆነ ጥቅሙ ይቀንሳል። አንድ ባልዲ ለሻምፑ፣ አንድ ባልዲ ጓንቱን ለማለቅለቂያ ያስፈልጋል። በባልዲ ወለል ላይ የሚቀመጠው ወንፊት አሸዋው ከሥር እንዲቀር ያግዛል፣ ሆኖም ሁለተኛውን ባልዲ አይተካም።

የዕቃ ማጠቢያ ሳሙናና የመኪና ሻምፑ ሲነጻጸሩ ሳሙናው ርካሽ ነው፤ ስብን ለመፍታት የተሠራ በመሆኑ ግን የተቀባውን ሰም ያዳክማል። የመኪና ሻምፑ የሚያንሸራትት ስለሆነ ጓንቱ በቀለሙ ላይ ሳይፋተግ ያልፋል፤ ጭረትን የሚቀንሰውም ይህ መንሸራተት ነው።

ለማድረቅ ወፍራም የማይክሮፋይበር ፎጣ ከጠፍጣፋ የቆዳ መወልወያ ይሻላል፤ ምክንያቱ ከስፖንጁ ጋር አንድ ነው። ፎጣው ላይ የተሰፋው መለያ ጽሑፍና ጠንካራው ጠርዝ ራሳቸው ሊጭሩ ስለሚችሉ ጠርዝ አልባውን ይምረጡ። ፎጣ አንዴ መሬት ከወደቀ ዳግመኛ ሳይታጠብ ቀለም አይንካ።

የሚሽከረከር ብሩሽ ያለው አውቶማቲክ እጥበትና በግፊት ውኃ ብቻ የሚሠራው ቢቀርቡ ሁለተኛው ይመረጣል። ብሩሹ የቀደሙትን መኪናዎች አሸዋ ይዞ ይመጣል። ንክኪ የሌለው እጥበት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ጠንከር ያለ ኬሚካል ስለሚጠቀም የሰም ዕድሜ ያሳጥራል፣ ነገር ግን አይጭርም። ደረቅ አቧራን በጨርቅ ወይም በላባ መጥረግን ግን ከምንም ጋር አላነጻጽረውም፤ መተው ያለበት ልማድ ነው።

መሙያው፣ ፖሊሹና ኮምፓውንዱ

ጭረቱ ካለ በኋላ የሚገዙት ነገሮች ከለስላሳው እስከ ጠንካራው ይደረደራሉ። በለስላሳው ጫፍ ያለው ግሌዝ የሚባለው ነው። በዘይትና በመሙያ ነገሮች ጭረቱን ይሞላል፣ ብርሃን ቀጥ ብሎ እንዲመለስ ያደርጋል፣ ቀለሙም ጥልቅና እርጥብ መስሎ ይታያል። ክሊር ስለማይፋቅ ጉዳት የለውም፤ ከጥቂት እጥበት በኋላ ግን ይጠፋል። መኪናውን ለአንድ ዝግጅት ለማሳመር ለሚፈልግ፣ ወይም ክሊሩ ከመሳሳቱ የተነሣ ሌላ ማሸት ለማይችል አሮጌ ቀለም ተገቢ ምርጫ ነው። ያገለገለ መኪና ገዢ ግን ሊጠነቀቀው ይገባል፤ ዛሬ እንደ መስተዋት የሚያበራ ገጽ ከወር በኋላ እውነተኛ መልኩን ሊያሳይ ይችላል። በውኃ የቀጠነ አይሶፕሮፒል አልኮልን በንጹሕ ማይክሮፋይበር ላይ አድርጎ ቦታውን ማበስ ዘይቱንና መሙያውን ስለሚያነሣ፣ ጭረቱ ጠፍቶ ወይም ተሸፍኖ እንደሆነ ይለያል።

ፖሊሽ እውነተኛ ማጥፊያ ነው። በውስጡ ያለው ደቃቅ መፋቂያ፣ ብዙውን ጊዜ አልሙኒየም ኦክሳይድ፣ የእጥበት ጭረቶችን ያወጣል፤ ገጹንም አለስልሶ ይጨርሳል። ኮምፓውንድ ያው ነገር ሆኖ ሻካራ ነው፤ ጠለቅ ያለውን ይወስዳል፣ በምትኩ ግን የራሱን ጭጋግ ሊተው ስለሚችል ከኋላው ፖሊሽ ይከተለዋል። ሜጓየርስ ከተባለው አምራች ዕቃዎች 105 ኮምፓውንድ ሆኖ 205 የመጨረሻ ፖሊሽ የሆነው ለዚህ ነው። የጀርመኑ ሜንዜርና ደግሞ የመፋቅ ኃይሉንና የሚሰጠውን ውበት በጠርሙሱ ላይ በመለኪያ ያሳያል፤ 400 የተባለው ጠንከር ብሎ ይፋቃል፣ 3800 የተባለው ለማጠናቀቂያ ነው። እንዲህ ያለ መለኪያ የተጻፈበትን ዕቃ «ተአምረኛ ማጥፊያ» ብቻ ከሚል ጠርሙስ አስበልጣለሁ፤ ምን ያህል ክሊር እንደሚወስድ የማይነግር ዕቃ ላይ እምነት የለኝም።

ለአብዛኛው ሰው አንድ መካከለኛ ፖሊሽ ይበቃዋል። በአንድ ትንሽ ቦታ ይሞከር፤ ካልበቃ ወደ ጠንካራው ይታለፋል። የተገላቢጦሹ መንገድ ሳያስፈልግ ክሊር ያስከፍላል። ጃፓን ሠራሽ መኪናዎች ለስላሳ፣ ጀርመን ሠራሾቹ ጠንካራ ክሊር አላቸው ሲባል ይሰማል፤ ዝንባሌው ቢኖርም ከሞዴል ሞዴል ስለሚለያይ የሚታመነው ያው ሙከራው ነው። በጨርቁ ላይ የመኪናው ቀለም ከወጣ ደግሞ ያ መኪና ክሊር የሌለው ባለ አንድ ንብርብር ቀለም ነው ወይም ክሊሩ አልቋል፤ ቆም ብሎ የትኛው እንደሆነ መለየት ይገባል።

ማጽጃ፣ ፖሊሽና ሰም በአንድ ጠርሙስ የያዙ ዕቃዎች አሉ። በአንድ ዙር መጠነኛ ማሻሻያ ይሰጣሉ፤ ጊዜ ለሌለው ጥሩ ናቸው፣ ፍጹም ገጽ ለሚፈልግ አይበቁም። የጥርስ ሳሙና እንዲሁ ስለሚፋቅ ጭረቱን ያደበዝዛል፣ ግን ለቀለም የተመጠነ አይደለም። ከ2000 እስከ 3000 ቁጥር ያለው የብርጭቆ ወረቀት በውኃ ሲሠራበት ከሁሉ የበለጠ ይወስዳል፤ የቀለም ውፍረት መለኪያ ለሌለውና ልምድ ለሌለው ሰው አልመክርም። መለኪያውም ቢሆን የተለመደው ዓይነት የሚያነበው የንብርብሮቹን ድምር እንጂ ክሊሩን ለብቻው አይደለም።

በእጅ ወይስ በማሽን?

ከበር እጀታ ሥር ያለችውን የጥፍር ጭረት በእጅ ማሸት ይቻላል። ሙሉ መኪና በእጅ ማሸት ግን አድካሚ ከመሆኑም በላይ ግፊቱ ስለማይስተካከል ውጤቱ ይዥጎረጎራል። ማሽን ከሆነ ሁለት ዓይነት አለ። በአንድ ዘንግ ብቻ የሚዞረው ፈጣንና ኃይለኛ ነው፤ ሙቀቱን በአንድ ቦታ ስለሚያከማች በጠርዝና በመታጠፊያ ላይ ክሊሩን በቅጽበት ሊያቃጥል ይችላል። እየዞረ የሚወዛወዘው ዓይነት ሙቀቱን ስለሚበትን ለጀማሪ እጅግ የተሻለ ነው። በመግለጫው ላይ የሚታየው 8፣ 15 ወይም 21 ሚሊሜትር የመወዛወዙን ስፋት ያመለክታል፤ ትልቁ ለሰፋፊ ገጽ፣ ትንሹ ለጠባብ ቦታ ይመቻል። አንድ ብቻ የሚገዛ ሰው 8 ወይም 15 ሚሊሜትሩን ቢይዝ ይሻለዋል።

ፓድ፣ ማለትም በማሽኑ ላይ የሚገጠመውን ማሻ፣ ሲገዙ በቀለሙ አይመሩ። የአንዱ አምራች ብርቱካናማ ጠንካራ ሲሆን የሌላው ለስላሳ ሊሆን ይችላል። ፓድ በተፋቀ ክሊርና በፖሊሽ ስለሚደፈን፣ አንድ ውድ ፓድ ከመግዛት የተወሰኑ መካከለኛዎችን ይዞ መለዋወጥ ያዋጣል።

ሰም፣ ሴራሚክ፣ ፊልም

የመከላከያ ገበያው ከፍተኛ ግነት ያለበት ነው። ከብራዚል ዘንባባ የሚገኘው የካርናውባ ሰም ሞቅ ያለ ውበት ይሰጣል፤ ዕድሜው ከጥቂት ሳምንት እስከ ሁለትና ሦስት ወር ነው። ሰው ሠራሹ ሲላንት ግማሽ ዓመት ሊጠጋ ይችላል። ሁለቱም ውኃ ያንከባልላሉ፣ ቆሻሻ ቶሎ እንዳይጣበቅ ያግዛሉ፤ አሸዋ በጨርቅ ሲጎተትባቸው ግን የሚያቆሙት ነገር እምብዛም ነው።

ሴራሚክ ሽፋን ከእነዚህ ይረዝማል፤ እንደ ዓይነቱና እንደ አያያዙ ከአንድ ዓመት እስከ በርካታ ዓመታት ይቆያል። ኬሚካልና የወፍ ኩስ ሲወድቅበት ከሰም ይልቅ ይቋቋማል፣ እጥበትንም ያቀልላል፤ በዚህም ከእጥበት የሚመጣውን ጭረት በተዘዋዋሪ ይቀንሳል። ማስታወቂያው የሚጮኸው ግን «9ኤች ጥንካሬ» እያለ ነው። ይህ ቁጥር የተወሰደው ከእርሳስ ጥንካሬ መፈተኛ ነው፤ 9ኤች እርሳስ በተወሰነ ግፊት ሲገፋበት አልተጫረም ማለት ነው። አልማዝ 10 ከሚሆንበት የማዕድናት መለኪያ ጋር ግንኙነት የለውም፤ ተራ አሸዋ ደግሞ ከእርሳስ በእጅጉ ይጠነክራል። ውፍረቱም ብዙውን ጊዜ ከአንድ ወይም ከሁለት ማይክሮን አይበልጥም። ሴራሚክ ለማንጻትና ለውበት ይገዛ፤ ጭረት አይነካኝም ብሎ የሚገዛው ያዝናል። ከመቀባቱ በፊት ደግሞ ያሉት ጭረቶች መወገድ አለባቸው፤ አለዚያ ከሥሩ ታሽገው ይቀራሉ፤ እነርሱን ለማውጣት ሽፋኑን ራሱን መፋቅ ያስፈልጋል።

ጭረትን በእውነት የሚያስቆመው የመከላከያ ፊልም ነው። ቴርሞፕላስቲክ ፖሊዩሬቴን ከተባለ የሚለጠጥ ፕላስቲክ የሚሠራ ሲሆን ውፍረቱ ከ150 እስከ 200 ማይክሮን ይደርሳል፤ ከክሊሩ ጋር ሲነጻጸር ብዙ እጥፍ ነው። የመንገድ ጠጠርን ይቀበላል፤ የተሻሉት ዓይነቶች የላይ ገጽ ደግሞ በፀሐይ ሙቀት ወይም በሞቀ ውኃ ቀላል ጭረትን በራሱ ይሽራል። ኒሳን እ.ኤ.አ. በ2005 ይፋ ያደረገው ራሱን የሚጠግን ክሊርም በዚሁ የመለጠጥ ጠባይ ላይ የተመሠረተ ነው። የፊልም ጉድለቱ ዋጋውና አገጣጠሙ ነው፤ በመጥፎ እጅ ከተለጠፈ ጠርዙ ይነሣል፣ በቀለሙ ላይ እያለ በምላጭ የሚቆርጥ ሠራተኛም ሊከላከል የመጣውን ቀለም ሊቆርጠው ይችላል። ሙሉ መኪና ከማልበስ ይልቅ የፊት መከላከያውን፣ የሞተር ክዳኑን የፊት ክፍልና የበር እጀታዎችን ሥር ብቻ ማልበስ ለብዙ ሰው የሚያዋጣ ስምምነት ይመስለኛል።

አዲስ መኪና የያዘና ረጅም ጊዜ ሊነዳው ያሰበ ሰው በእጥበት ዕቃና በከፊል ፊልም ቢጀምር ይበጀዋል። ጭረት የሞላበትን ጥቁር መኪና የያዘ ደግሞ የሚወዛወዝ ማሽን፣ መካከለኛ ፖሊሽና ሲላንት ይበቁታል፤ ሴራሚክን ለኋላ ያቆይ። መኪናው በቅርቡ በጋራዥ ከተቀባ ግን ለጊዜው ከእነዚህ መከላከያዎች አንዱንም አይግዛ። በቀለሙ ውስጥ ያለው ማሟሟያ ተንኖ እስኪወጣ ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 90 ቀን እንዲጠበቅ ይመከራል፤ ትክክለኛውን ጊዜ ቀለም ቀቢው ከተጠቀመበት ቀለም መመሪያ አይቶ ሊነግረው ይገባል።