አራት ኬብል ለአንድ ሰርቨር፦ ማይክሮቲክ ሲአርኤስ326 ስዊች እንዴት ነው?

ሃያ ሁለት አካባቢ ባለ አነስተኛ የቪዲዮ ስቱዲዮ ውስጥ ኔትወርኩንና ሰርቨሩን የምይዘው እኔ ነኝ። የሰርግ፣ የማስታወቂያና የዶክመንተሪ ቀረጻ ሁሉ ያገለገለ ዴል ፓወርኤጅ አር730 ላይ ይቀመጣል። ኤዲተሮቹ ፋይሉን ወደ ራሳቸው ኮምፒውተር አይገለብጡም፤ በቀጥታ ከሰርቨሩ ከፍተው ይቆርጣሉ። ሰርቨሩ ከኋላው አራት ባለ 1 ጊጋቢት ፖርት አለው። ለረጅም ጊዜ ሲሠራ የነበረው ግን አንዱ ብቻ ነው። ሁለት ሰው ሲከፍት ይሄዳል። አራተኛው ሲገባ ምስሉ መቆራረጥ ይጀምራል፤ ከዚያ "ኧረ ሰርቨሩ ምን ሆነ?" የሚል ጩኸት ከየክፍሉ ይመጣል።

መፍትሔው አራቱን ፖርት አንድ ላይ ማሰር ነው። ይህን የሚያስችለው ኤልኤሲፒ የሚባለው ፕሮቶኮል ነው። በ2000 ከ802.3ኤዲ መስፈርት ጋር የመጣ ነው፤ ከ2008 ጀምሮ 802.1ኤኤክስ ውስጥ ገብቷል። ሰርቨሩና ስዊቹ ተነጋግረው ካልተስማሙ አይሠራም፤ ስለዚህ የስዊቹ ዓይነት ወሳኝ ነው። በፊት የነበረን ስዊች ካርቶኑ ላይ "ስማርት" ተብሎ ተጽፎበታል። ሻጩም "ሁሉንም ይችላል" ብሎ ነበር። ገብተን ስናየው ግን ያለው በእጅ የሚስተካከል ቋሚ ማሰሪያ ብቻ ነው። ስትገዙ "ማናጅድ (ገብተው የሚያስተካክሉት) ነው ወይ?" ብላችሁ ብቻ አትለፉ። ኤልኤሲፒ የሚለውን ዝርዝሩ ላይ ካላያችሁ አትክፈሉ።

በምትኩ የገዛነው የማይክሮቲክ ሲአርኤስ326ን ነው፤ ራክ (የመሣሪያ መደርደሪያ) ላይ የሚገባውን። 24 ባለ 1 ጊጋቢት ፖርት እና ሁለት ባለ 10 ጊጋቢት ኤስኤፍፒ ፕላስ ፖርት (ከተራው የኔትወርክ ኬብል የተለየ መሰኪያ) አለው። ፋን የለውም። ለእኛ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ራኩ ያለው ድምፅ ከሚቀረጽበት ክፍል ጎን ነው። ማይክሮቲክ ከሚሠራቸው ሁለት ሲስተሞች በራውተርኦኤስም በስዊኦኤስም ይነሳል፤ ምርጫው የእናንተ ነው። ለጀማሪ ስዊኦኤስ ይቀላል። እኔ የራውተርኦኤስ ማስተካከያ ፕሮግራም የሆነውን ዊንቦክስን ስለለመድኩት ራውተርኦኤስን መረጥኩ።

ራውተርኦኤስን የምትመርጡ ከሆነ ሁለት ነገር ልብ በሉ። ከፋብሪካ ሲመጣ ፖርቶቹ ሁሉ አንድ ብሪጅ (ፖርቶችን እርስ በርስ የሚያገናኝ ቡድን) ውስጥ ናቸው። የምታስሯቸውን አራቱን መጀመሪያ ከብሪጁ አውጡ፣ ቦንዱን (አራቱን እንደ አንድ ፖርት የሚያስረውን) ፍጠሩ፣ ከዚያ ቦንዱን ራሱን ወደ ብሪጁ መልሱ። ሁለተኛው የበለጠ ያሳስባል። አዲስ ቦንድ ስትፈጥሩ በራሱ የሚመጣው ሞድ ባላንስ-አርአር (ፓኬቶችን በየተራ ለየኬብሉ የሚያድል) ነው። ወደ 802.3ኤዲ፣ ማለትም ወደ ኤልኤሲፒ፣ መቀየር አለበት። ካልተቀየረ ከሰርቨሩ ጋር አይግባባም፤ በዚያ ላይ ባላንስ-አርአር በስዊቹ ቺፕ ሳይሆን በ800 ሜጋኸርዝ ፕሮሰሰሩ በኩል ነው የሚያልፈው። ያ ፕሮሰሰር ስዊቹን ለማስተዳደር እንጂ አራት ጊጋቢት ለመሸከም አልተሠራም። በብሪጁ የፖርት ዝርዝር ላይ ከቦንዱ ጎን "ኤች" የሚል ምልክት ካያችሁ ሥራውን ቺፑ ይዞታል ማለት ነው።

ሰርቨሩ ላይ ያለው ፕሮክስሞክስ የሚባል በሊኑክስ ላይ የተሠራ ሲስተም ነው። እዚያ ነገሩ ቀላል ነው። አራቱን ፖርት በአንድ ቦንድ ታስገባላችሁ፣ ሞዱን ኤልኤሲፒ ታደርጋላችሁ፣ ብሪጁን ከቦንዱ ላይ ታስቀምጣላችሁ፣ አለቀ።

ብዙ ሰው የሚከፋው ከዚህ በኋላ ነው። አራት ጊጋቢት ሲባል አንድ ፋይል በአራት ጊጋቢት ፍጥነት ይገለበጣል ብሎ ይጠብቃል። አይገለበጥም። መገናኛ ላይ አራት ሚኒባስ አንድ ላይ ቢመጡ ሰልፉ ቶሎ ያልቃል እንጂ አንዱ ተሳፋሪ አያት ሰፈር ቶሎ አይደርስም። የፓኬቶቹ (ዳታው ተከፋፍሎ የሚላክባቸው ቁርጥራጮች) ቅደም ተከተል እንዳይዛባ ሲባል አንድ ግንኙነት የሚሄደው በአንድ ኬብል ብቻ ነው። አይፐርፍ3 በሚባለው የፍጥነት መለኪያ ፕሮግራም አንድ ግንኙነት ስለካ 941 ሜጋቢት አካባቢ አገኛለሁ፤ ከመታሰሩ በፊትም ያው ነበር። 64 ጊጋባይት የካሜራ ካርድ አሁንም 10 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ልዩነቱ የሚታየው ብዙ ሰው አብሮ ሲጎትት ነው።

የትኛው ግንኙነት በየትኛው ኬብል ይሂድ የሚለውን የሚወስነው ላኪው ነው። ከሰርቨሩ ለሚወጣው ሰርቨሩ፣ ወደ ሰርቨሩ ለሚገባው ስዊቹ ይመድባል። ሊኑክስ ካልነገሩት የሚጠቀመው ሌየር2 የሚባለውን የአከፋፈል ዘዴ ነው፤ የማክ አድራሻን (የኔትወርክ ካርዱን መለያ ቁጥር) ብቻ አይቶ ያከፋፍላል። አራት ኤዲተር ካለ ሁለቱ አንድ ኬብል ላይ ሊወድቁ ይችላሉ፣ ሌላው ኬብል ደግሞ ባዶውን ይቀመጣል። ተጠቃሚዎቹ ከራውተር ማዶ ከሆኑማ ይብሳል። ሰርቨሩ የሚያየው የራውተሩን ማክ ብቻ ስለሆነ ሁሉንም በአንዱ ኬብል ያጭቃል። ስለዚህ ሌየር3+4 ላይ አድርጉት። የአይፒ አድራሻንና የፖርት ቁጥርን (ኬብል የሚሰካበትን ሳይሆን የግንኙነቱን) ስለሚያይ የተሻለ ይበትናል። የተቆራረጡ ፓኬቶች ቅደም ተከተላቸው ሊዛባ ስለሚችል ሌየር3+4 የ802.3ኤዲን መስፈርት ሙሉ በሙሉ አይከተልም ተብሎ የሊኑክስ ሰነድ ላይ ተጽፏል። በእኛ ቤት ችግር አላየሁበትም። ስዊቹ በበኩሉ በቺፑ ሲሠራ ሁልጊዜ ከሌየር2 እስከ ሌየር4 ያለውን ያያል። እዚያ ሌላ ብትመርጡም ለውጥ የለውም።

ውጤቱ ደስ ይላል። አራቱም ኤዲተሮች አብረው ሲሠሩ ምስሉ አይቆራረጥም። ዲስኩን ግን አትርሱ። አራት ጊጋቢት ማለት በሰከንድ ከ450 ሜጋባይት በላይ ነው፤ አንድ ተራ ሃርድ ዲስክ ይህን አያወጣም። ዲስኮቻችሁ ደካማ ከሆኑ ገንዘባችሁን መጀመሪያ እዚያ ላይ አውሉት።

እኔን የበለጠ ያስደሰተኝ ጽናቱ ነው። ኤዲተሮቹ እየሠሩ ሆን ብዬ አንዱን ኬብል ነቀልኩ። ማንም አላወቀም። ሰርቨሩ የኬብሉን ሁኔታ በየ100 ሚሊሰከንዱ ስለሚያይ ሥራውን ወዲያው ወደ ሦስቱ አዞረው። መብራት ጠፍቶ ሲመጣም ስዊቹና ሰርቨሩ እኩል አይነሱም፤ ሁለቱም ሲነሱ ግን ራሳቸው ተነጋግረው ይያያዛሉ። ኬብል በስህተት ሌላ ፖርት ላይ ቢሰካ ያ ፖርት ከቦንዱ ጋር አይቀላቀልም። ቋሚ ማሰሪያ ቢሆን ዝም ብሎ ይልክበትና ዳታው መንገድ ላይ ይቀራል።

አንዱ ኤዲተር "ኢንተርኔቱስ አብሮ ፈጠነ?" ብሎ ጠየቀኝ። አልፈጠነም። ይህ በሰርቨሩና በስዊቹ መካከል ብቻ ያለ ጉዳይ ነው።

ሰርቨራችሁ ላይ አራት ፖርት ከሌለና ካርድ መግዛታችሁ ካልቀረ ባለ አራት ፖርቱን አልመክርም። ባለ 10 ጊጋቢት ካርድ ፈልጉና በአጭር ዳክ ኬብል (ጫፎቹ ለኤስኤፍፒ ፕላስ የተሠሩ የመዳብ ኬብል) ከኤስኤፍፒ ፕላሱ ፖርት ጋር አገናኙት። ስለ አመዳደቡ ምንም ሳትጨነቁ የበለጠ ስፋት ታገኛላችሁ። ያኔ የምታጡት ትርፍ ኬብሎቹን ነው።

ሌላው ድክመት ስዊቹ አንድ መሆኑ ነው። እሱ ከሞተ አራቱም ኬብል አብሮ ይሞታል። ለአንድ ደቂቃ እንኳ መቋረጥ የማይችል ቦታ ካላችሁ ሁለት ስዊች አድርጉና ሰርቨሩን በአክቲቭ-ባክአፕ (አንዱ ኬብል ሲሠራ ሌላው በሚጠብቅበት ሞድ) አገናኙት፤ እሱ ከስዊቹ ምንም አይጠይቅም፣ ፍጥነቱ ግን የአንድ ኬብል ነው። ሁለቱንም የሚፈልግ ሁለት ሲአርኤስ326 ገዝቶ በራውተርኦኤስ 7 ኤምላግ (ሁለቱ ስዊች ለሰርቨሩ እንደ አንድ የሚታዩበት አሠራር) መሥራት ይችላል። እኛ ለጊዜው በአንዱ እየሠራን ነው። ሁለተኛው እንዲገዛ ለአለቃዬ ጥያቄ አቅርቤያለሁ።