የአባቴን ፒካፕ ከኋላ ዝቅ ለማስደረግ ሁለት ጋራዥ ገባሁ

ዘንድሮ አገር ቤት የቆየሁት 3 ሳምንት ብቻ ነው። ከዚያ ውስጥ 11 ቀን ያለቀው አንድ ጋራዥ ደጃፍ ላይ ነው። የቤተሰቡን ፒካፕ ከኋላ ዝቅ ለማስደረግ ያሰበ ሰው ካለ፣ በእኔ የደረሰው እንዳይደርስበት ብዬ ነው የምጽፈው።

አባቴ አርጅቷል፣ ሥራውን ግን አልተወም። እቃ የሚጭንበት ፒካፕ ከፍ ያለ ነው፤ ከረጢቱን ከመሬት አንስቶ እስከ ደረቱ ማድረስ አለበት። በስልክ ባወራሁት ቁጥር "ወገቤን" ይለኛል። እኔም በውጭ አገር የምሠራው በፒካፕ እቃ በማመላለስ ነው። ኋላው ዝቅ ያለ መኪና ለሚጭን ሰው ምን ያህል እንደሚያቀል አውቀዋለሁ። ስለዚህ ባሌስትራን፣ ማለትም ጭነቱን የሚሸከመውን የተደራረበ ብረት፣ የሚያግዙ ሁለት የአየር ከረጢቶች ሻንጣዬ ውስጥ ከትቼ ሄድኩ።

የመጀመሪያው ጋራዥ ግቢው ሰፊ ነው፣ መኪናም አይጠፋበትም። ያን አይቼ ነው ያመንኩት። የጠየቅኩትም ግልጽ ነበር፦ ከ10 እስከ 13 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይበል፣ የመጫን አቅሙ ግን አይቀንስ። ኃላፊው "እህቴ አይዞሽ፣ በ3 ቀን ትወስጃለሽ" አለኝ። በ4ኛው ቀን "ነገ" ተባልኩ። በ5ኛው "ብየዳ የሚሠራው ልጅ አልመጣም"። ከዚያ በኋላ ስልክም አያነሱም። በአካል ስሄድ ደግሞ የሚያናግሩት አብሮኝ የመጣውን ወንድሜን ነው። የምጠይቀው እኔ፣ የምከፍለው እኔ፣ መልሱ ለእሱ። በምኖርበት አገር መኪናዬን ሳስገባ የሚሠራው በወረቀት ተጽፎ እፈርማለሁ፤ ከዚያ ውጭ የሆነ ነገር ካለ ደውለው ያስፈቅዱኛል። እዚህ ያን ወረቀት አለመጠየቄ እስካሁን ያንገበግበኛል። ከእናቴ ጋር ቁጭ ብዬ የማሳልፈው ስንት ከሰዓት በኋላ እዚያ ደጃፍ ላይ ቀረ።

በ11ኛው ቀን መኪናው ወጣ። እውነትም ዝቅ ብሏል። "ተጨማሪ ሥራ ነበረው" ብለው ከተነጋገርነው አንድ ተኩል እጥፍ አስከፈሉኝ። ተጨማሪው ምን እንደሆነ የነገረኝ የለም። በማግስቱ አባቴ ከለመደው ጭነት ግማሹን ብቻ ጭኖ ወጣ። አንዲት ትንሽ ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ከስር ድው አለ። አክስሉ፣ ማለትም የኋላ ጎማዎቹን የሚያገናኘው ብረት፣ ሻንሲውን (የመኪናውን የብረት አጽም) መታው።

ከስር ገብቼ አየሁ። ባሌስትራው ላይ ከተደራረቡት 5 ብረቶች 2ቱ የሉም። የቀሩትን በብየዳ እሳት አግለው አጉብጠዋቸዋል። ይሄ ነው ያናደደኝ። የባሌስትራ ብረት ሲጫን ጎንበስ፣ ሲራገፍ ቀና የሚለው ፋብሪካ ውስጥ በልክ ግሎ በልክ ስለቀዘቀዘ ነው። እንደገና በእሳት ከነካኩት ያ ኃይሉ ይጠፋል። ከዚያ በኋላ ወይ እንደጎበጠ ይቀራል፣ ወይ አንድ ቀን መንገድ ላይ ይሰበራል።

ከሁሉም ያስደነገጠኝ ግን ፍሬኑ ነው። ባዶውን ስነዳ ፍሬን ያዝኩና የኋላው ጎማ ተቆልፎ ተንሸራተተ። ብዙ ፒካፖች ላይ ከኋላ አክስል ጋር በዘንግ የተያያዘ ቫልቭ አለ። መኪናው ምን ያህል እንደተጫነ የሚያውቀው አክስሉ ለሻንሲው በመቅረቡ ነው። መኪናውን ዝቅ አድርገው ቫልቩን ካላስተካከሉት፣ ባዶ ሆኖም የተጫነ ይመስለውና ለኋላው ፍሬን ከልክ በላይ ኃይል ይለቃል። አባቴ በዝናብ ይነዳዋል! አንድ ቃል እንኳን አልነገሩንም።

ሁለተኛው ቤት ጠባብ ነው፤ የሚሠሩት አንድ አዛውንትና ረዳታቸው ናቸው። አዛውንቱ ከመፍቻ በፊት ያነሱት ሜትር ነው። አባቴን "ስንት ኪሎ ይጭናሉ?" ብለው ጠየቁት። "እስከ 700" አለ። ከስር ገብተው አይተው ወጡና ወደ እኔ ዞሩ። "ልጄ፣ ባሌስትራ አይነካም። የሚዛወረው አክስሉ ነው" አሉኝ።

የአባቴ መኪና ባሌስትራው ከአክስሉ በላይ ነበር የተቀመጠው። እሳቸው ደህና ባሌስትራ አስገዙንና አክስሉን ከላይ፣ ባሌስትራውን ከስር አደረጉት። እንዲህ ሲሆን መኪናው በአክስሉ ቱቦና በባሌስትራው ውፍረት ልክ ይወርዳል፤ የእኛ 13 ሴንቲ ሜትር ያህል ወረደ። የባሌስትራው ጥንካሬ ግን ንክች አላለም። ችግሩ አክስሉ ሻንሲውን መቅረቡ ነው፤ ሲጫን የሚወጣበት ቦታ ያጣል። ስለዚህ ከአክስሉ በላይ ያለውን ሻንሲ በግማሽ ክብ ቆረጡት። ከመቁረጣቸው በፊት ግን በወፍራም ብረት ደግፈው በየዱት። ቅደም ተከተሉን ቆሜ አይቻለሁ።

የዲፈረንሻሉን (የሞተሩን ኃይል ለኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለውን) አፍንጫ አቅጣጫ በውሃ ልክ ለኩ፤ ከተዛባ መኪናው በፍጥነት ሲሄድ ይንቀጠቀጣል። ንጥቂያውን የሚያበርዱትን አሞርዛተሮች በአጭር ቀየሩ። የፍሬኑን ቫልቭ አስተካከሉ። የፊት መብራቱንም ዝቅ አደረጉት፤ ኋላው ሲወርድ መብራቱ ሽቅብ እያየ የሚመጣውን ሰው ዓይን ይወጋል። ይህን እኔም ረስቼው ነበር። 4 ቀን አሉ፣ በ4 ቀን ጨረሱ። የከፈልኩትም የተነጋገርነውን ነው። ወንድሜ አጠገቤ ቆሞ፣ የሚያስረዱት እኔን ነበር።

የአየር ከረጢቶቹንም ገጠሙልን። ጭነት ሲበዛ አየር ይጨመርና መኪናው ደልደል ብሎ ይቆማል። እኔ የወሰድኳቸው ባዶም ሲሆን ከ5 ፒኤስአይ የአየር ግፊት በታች መውረድ የለባቸውም። ግን አባቴን አስምዬዋለሁ፦ ከረጢት አለ ብሎ ከድሮው በላይ እንዳይጭን። ከረጢቱ አክስሉን፣ ጎማውንም ሆነ ፍሬኑን አያጠነክርም። ፋብሪካው የወሰነው የጭነት ልክ ያው ነው።

መኪናችሁን ከመስጠታችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፦ "ዝቅ የምታደርጉት ምን ነክታችሁ ነው?" መልሱ ብረት መቀነስ ወይም በእሳት ማጉበጥ ከሆነ ቁልፋችሁን ተቀብላችሁ ውጡ።

ለመመለስ 2 ቀን ሲቀረኝ የእቃ ከረጢቶቹን ከአባቴ ጋር ጫንኩ። አዛውንቱ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ አክስሉን የያዙት ቡሎኖች እንደገና መጥበቅ አለባቸው ብለው ነበር። ባለፈው ሳምንት አባቴ ወስዶላቸው አጠበቁለት፣ ሳንቲም አልተቀበሉትም። በስልክ ወገቡን ስጠይቀው "ደህና ነው" አለና ወሬውን ወደ ጭነቱ መለሰው።