በሄልሜቱ ውስጥ ያለውን አየር ለለካልን ባለሙያ የቀረበ ምስጋና

ይህን የምጽፈው ቃሊቲ አካባቢ በሚገኘው የብረታ ብረት ወርክሾፓችን ለሚሠሩት የሳንድብላስት (አሸዋ መሰል ብናኝ በአየር ግፊት እየረጩ ብረት የማጽዳት) ሠራተኞች በመተንፈሻ ሄልሜታቸው ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለውን መርዛማ ጋዝ መለኪያ ለገጠመልን ባለሙያ በአደባባይ ምስጋናዬን ለማቅረብ፣ ተመሳሳይ ሥራ ያላችሁንም ወደ እሱ ለመጠቆም ነው። ስሙ በይፋ እንዳይወጣ ስለጠየቀኝ ፍላጎቱን አክብሬያለሁ፤ በውስጥ መስመር ለሚጠይቀኝ ግን በፈቃዱ ስልኩን እሰጣለሁ።

የእኛ ሥራ የነዳጅ ቦቴዎችን አሮጌ ቀለምና ዝገት አራግፎ ለአዲስ ቀለም ማዘጋጀት ነው። ሠራተኛው አቧራ ውስጥ ቆሞ የሚተነፍሰው ከኮምፕሬሰር ተነስቶ በጎማ ወደ ሄልሜቱ የሚገባለትን አየር ብቻ ነው። ባለፈው ዐቢይ ጾም ከሠራተኞቹ ሁለት ልጆች ከቀትር በኋላ ራሳቸውን እንደሚያማቸውና እንደሚያጥወለውላቸው ደጋግመው ነገሩኝ፤ እኔም እነሱም ጾሙንና ሙቀቱን ምክንያት አድርገን አለፍነው። አንደኛው ሄልሜቱን አውልቆ ግድግዳ ተደግፎ እየተቀመጠ «ጋሼ፣ ትንሽ ነፋስ ተቀብዬ ልመለስ» ያለኝን ሳስታውስ ዛሬም ይከብደኛል። የሚያስፈልገውን በትክክል ነግሮኝ ሳለ እኔ የሰማሁት ድካሙን ብቻ ነበር።

ባለሙያው መጀመሪያ የመጣው የአንዱን ሄልሜት የአየር ቫልቭ ለመጠገን ነበር። ስለ ራስ ምታቱ ሲወራ ሰምቶ ሥራውን አቆመና «እሑድ እቤታችሁ ስትውሉስ ያማችኋል?» ብሎ ልጆቹን ጠየቃቸው። ሁለቱም አያመንም አሉ። ከዚያ ሄልሜቱን አስቀምጦ በቀጥታ ወደ ኮምፕሬሰሩ ሄደ።

መብራት በየጊዜው ስለሚጠፋ የምንጠቀመው በናፍጣ የሚሠራ ኮምፕሬሰር ነው። ከጎኑ ለዝናብ መከለያ ብለን ያቆምነው ላሜራ ከማርሚታው የሚወጣውን ጭስ መልሶ ወደ አየር መሳቢያው ያዞረው እንደነበር ያሳየን እሱ ነው። በተጨማሪም የዘይት ማቀዝቀዣው በአቧራ ተደፍኖ ነበር፤ ዘይት ከመጠን በላይ ሲግል እየተቃጠለ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሊፈጥር እንደሚችልና ይህም ከጭሱ ሌላ ሁለተኛ ምንጭ መሆኑን አስረዳን። መለኪያውን ወደ ሄልሜቱ በሚገባው ጎማ ጫፍ ላይ ሲያስቀምጠው ሞተሩ እንደተነሳ 3 ፒፒኤም፣ ከሁለት ሰዓት ሥራ በኋላ ግን 31 አነበበ። በአሜሪካ ደንብ መሠረት ለመተንፈሻ በሚውል የኮምፕሬሰር አየር ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ ከ10 ፒፒኤም፣ ማለትም ከሚሊዮን እጅ ከ10 እጅ መብለጥ የለበትም።

ሳይፋም ቤት የገባ ከሰል ምን እንደሚያደርግ ሁላችንም እናውቃለን፤ ይህም ያው ጋዝ ነው። ቀለምም ሽታም የለውም፤ ደም ላይ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በርትቶ ይጣበቃል፤ እንደ አዲስ አበባ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለበት ቦታ ደግሞ አየሩ ራሱ የሚሰጠን ኦክስጅን አነስተኛ ስለሆነ ጉዳቱ ይብሳል። እኛ ግን የአየር ማጣሪያውን የሸጠልን ነጋዴ «ሁሉንም ይይዛል» ስላለን፣ በሄልሜቱም ውስጥ ምንም ስለማይሸት ተማምነን ኖረናል። ባለሙያው እንዳስረዳን የከሰል ማጣሪያ የዘይት ሽታን ይይዛል እንጂ ካርቦን ሞኖክሳይድን አያስቀርም፤ ለዚያ የሚሆነው ጋዙን ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚቀይር ልዩ ማጣሪያ ነው፤ እሱም እርጥበት ካገኘው ሥራውን ያቆማል።

መለኪያውን ሲገጥም ያየሁት ጥንቃቄ ነው ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ። አንድ ሠራተኛችን ትራፓኖ አምጥቶ ሄልሜቱን በስተን በብሎን እንሠረው ሲል «አልበሳም፤ ይህ ሄልሜት የተፈተነው ሳይበሳ ነው» ብሎ እምቢ አለ። ለዚያው ሄልሜት ሞዴል በአምራቹ የተዘጋጀውን ማቀፊያ እስኪያገኝ ድረስ አሥር ቀን አስጠበቀን፤ በዚያ ጊዜም ኮምፕሬሰሩ እስኪስተካከል ማንም እንዳይሠራበት አስጠነቀቀን። ማቀፊያው ሲመጣ መለኪያውን ከግንባር በላይ፣ ወደ ቀኝ ዓይን ጠርዝ አድርጎ አስቀመጠው። ጋዙን የሚለየው ሴንሰር ወደ ሄልሜቱ የሚገባው አየር በሚያልፍበት በኩል እንዲሆንና የውስጡ ጨርቅ እንዳይሸፍነው በጣቱ ዳሰሰ፤ ልጁን አልብሶም አንገቱን ሳያዞር ቀዩ መብራት ይታየው እንደሆነ ሦስት ጊዜ ጠየቀው። በብላስት ጩኸት ውስጥ ድምፅ ብቻውን ስለማይሰማ መሣሪያው እየበራ፣ እየጮኸና ግንባር ላይ እየነዘረ ያስጠነቅቃል፤ ማስጠንቀቂያው የሚጀምረውም በ10 ፒፒኤም ነው።

ከዚያም መጠኑ በታወቀ ጋዝ የተሞላች ትንሽ ሲሊንደር አውጥቶ መለኪያው ትክክል ማንበቡን አረጋገጠ፤ በየጠዋቱ ከሥራ በፊት እንዲሁ እንድንፈትሽም አስተማረን። የከሰል ጭስ አስጠግተን ብንሞክረውስ ብለን ስንጠይቀው፣ ጭስ ሴንሰሩን ያቆሽሻል፣ መንቃቱን እንጂ በትክክል መለካቱን አይነግራችሁም አለን። ሄልሜቶቹን በአልኮል የማጽዳት ልማዳችንንም አስቀረ፤ የአልኮል ትነት ሴንሰሩን ስለሚያሳስተው አሁን በውሃና በለዘብተኛ ሳሙና አጽድተን እናደርቃለን።

ማስጠንቀቂያ ሲመጣ ምን እንደሚደረግ ልጆቹን ቆሞ አለማመዳቸው፤ መጀመሪያ የኖዝሉን (የመርጫውን ጫፍ) መያዣ መልቀቅ፣ ከዚያ ከአቧራው መውጣት፣ ሄልሜቱን ማውለቅ የመጨረሻው ነው። ደንግጦ አቧራው ውስጥ የሚያወልቅ ሰው ከአንዱ አደጋ ወደ ሌላው ይገባል።

እኛም በምክሩ መሠረት ላሜራውን አነሳን፤ የአየር መሳቢያውን በቱቦ ከጣሪያ በላይ፣ ከማርሚታው ርቆ አወጣን፤ ዘይቱን ለወጥን፤ ማቀዝቀዣውንም አጸዳን። አሁን ሞተሩ ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ውሎ ንባቡ ከ2 አይበልጥም። አንድ ቀን ብቻ ጎረቤት ያመጣው ጀነሬተር በእኛ በኩል ስለቆመ መለኪያው ጮኸ። ሁለቱም ልጆች እንደተማሩት ወጡ፤ ባለሙያውም በስልክ ሰምቶ በዚያው ምሽት መጥቶ አየሩን እንደገና ለካ፤ ለዚህም ምንም አላስከፈለም።

የመሣሪያውን ዋጋ ከነደረሰኙ አሳይቶ የእጁን ዋጋ ለብቻው ነው የጠየቀው። ወንድሜ፣ ስላደረግህልን ሁሉ ከልብ አመሰግንሃለሁ፤ እግዚአብሔር ይስጥልን። ልትደውሉለት የምታስቡ የሄልሜታችሁን ሞዴል፣ የኮምፕሬሰራችሁን ዓይነትና አየር የሚስብበትን ቦታ ፎቶ አዘጋጅታችሁ ጠብቁት፤ ከዋጋ በፊት የሚጠይቃችሁ እነዚህን ነው።