ለእህቴ ፊዚዮቴራፒስት፦ ምስጋናም ጥቆማም

ቤታችሁ ኤምኤስ (መልቲፕል ስክሌሮሲስ የሚባለው የነርቭ በሽታ) ያለበት ሰው ካለ ይህን አንብቡልኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ለቤት እየዞረ የሚሰራ አንድ ፊዚዮቴራፒስት ልጠቁማችሁ ነው። ስሙን በአደባባይ አልጽፍም፣ እሱም አልፈለገም። የፈለገ በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ።

እህቴ መምህርት ናት። ኤምኤስ አለባት። ለማያውቀው ባጭሩ፣ የሰውነት መከላከያ የራሱን ነርቮች ሽፋን ጠላት መስሎት ያጠቃል፤ አንጎልንም ሕብለ ሰረሰርንም ይነካል። በኤምአርአይ ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ ሆኖ ይታያል። በቅርቡ ኤምአርአይ ስትነሳ አዲስ ነጠብጣብ የለም ተባልንና እፎይ አልን። ከሥሩ ያለው መስመር ግን የአንጎሏ መጠን ቀንሷል ይላል። እናታችን ይሄን ስትሰማ «አንጎሏ እያለቀ ነው እንዴ?» ብላ አለቀሰች።

የነርቭ ሐኪሟ ቁጭ ብለው አስረዱን፣ እግዜር ይስጣቸው። የጤነኛ አዋቂ አንጎልም በዕድሜ ይቀንሳል፣ በዓመት ከ0.1 እስከ 0.3 በመቶ ገደማ። ያልታከመ ኤምኤስ ሲሆን ከ0.5 እስከ 1.35 በመቶ ሊደርስ ይችላል። የሚጎዳው የነርቩ ሽፋን ብቻ አይደለም፣ ነርቩ ራሱም ይሞታል። ግራጫው የአንጎል ክፍል ይሳሳል። ጉዳቱ ወደፊት ምን ያህል እንደሚከብድ፣ የማሰብ ፍጥነት መቀነሱን ጨምሮ፣ ከነጠብጣቡ ብዛት ይልቅ ይሄ መሳሳት የተሻለ ይጠቁማል። ነጠብጣብ ሳይጨምር እግር የሚከብደው አንድም ለዚህ ነው። በአንድ ፎቶ ግን አትፍረዱ አሉን። ስቴሮይድ ከተሰጠ በኋላ እብጠቱ ሲጎድል አንጎል ከእውነቱ በላይ ያነሰ ሊመስል ይችላል። ውሃ በደንብ አለመጠጣት እንኳ ልኩን ያዛባል።

እሺ፣ ገባን። ቤት ስንመለስስ ምን እናድርግ? ፊዚዮቴራፒስቱ የደረሰልን እዚህ ላይ ነው። ከእሱ በፊት የነበረው ባለሙያ እግሯ ላይ ማሽን ለጥፎ ስልኩን ሲነካካ ሰዓቱን ይጨርስ ነበር።

ይሄኛው በመጀመሪያው ቀን ማሽን አላወጣም። ኮሪደራችን ላይ 7.6 ሜትር ለክቶ ሁለቱንም ጫፍ በፕላስተር ምልክት አደረገ። ሰዓት ይዞ አስኬዳት። ከዚያ ዘጠኝ ቀዳዳ ያለው ሰሌዳ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ትንንሽ እንጨቶችን አንድ በአንድ እየሰካች እንድትነቅል ነገራት። በቀኝ እጇ ቶሎ ጨረሰች። በግራዋ ግን እንጨቱ እያመለጣት ሶፋ ሥር ገባ፣ ተንበርክኮ እየፈለገ አሳቃት። ሁሉንም በባለካሬ ደብተር ጻፈ።

እግሯ ነው እንጂ የታመመው እጇን ምን አስለካህ አልኩት። እንዲህ ብሎ አስረዳኝ። ሐኪሞች የሚጠቀሙበት የጉዳት መለኪያ አለ፣ ኩርትዝኬ የተባሉ አሜሪካዊ የነርቭ ሐኪም በ1983 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት፣ ከ0 እስከ 10 የሚሄድ። 6 ላይ የደረሰ ሰው መቶ ሜትር ያህል ለመሄድ ምርኩዝ ያስፈልገዋል። ከመካከሉ ጀምሮ በአብዛኛው የሚያየው አካሄድን ነው። እጅ፣ ድካም፣ ማስታወስ ይደበቁበታል። «ቲቸር ደግሞ የምትሰራው በእጇ ነው» አለኝ። አፌን ያዝኩ።

በጣም የወደድኩለት ግን ተስፋ አለመሸጡን ነው። «ቲቸር፣ የጠፋውን እኔ አልመልስልሽም። ዋናው መንገድ ሲዘጋ ታክሲው በውስጥ ለውስጥ ይሄድ የለ? እሱን እናለማምደዋለን» አላት። መድኃኒቷን የሚተካ ነገር እንደሌለውም ደጋግሞ ነግሮናል።

ስፖርቱ ፀሐይ ሳይበረታ በጠዋት ነው። ሙቀት በተጎዳ ነርቭ ላይ ምልክቱን ለጊዜው ያባብሰዋል፣ ስለዚህ አንገቷ ላይ እርጥብ ፎጣ ታደርጋለች። ትንሽ ትሰራለች፣ ታርፋለች፣ ትደግማለች። ምድጃው አጠገብ በርጩማ አስገብቶ ሽንኩርቱን ቁጭ ብላ እንድታቁላላ አደረጋት። እናታችን ጠበል ልውሰዳት ስትለው እንኳ አልተቃወመም። «ይውሰዷት ማዘር፣ መድኃኒቷን ብቻ እንዳታቋርጥ። ወረፋው ላይም ፀሐይ ላይ አያቁሟት» ነው ያላት።

ከዘራ ነገር ትልቁ ጭቅጭቃችን ነበር። በዚህ ዕድሜዋ ተማሪ ፊት ከዘራ? ሞቼ ነው፣ አለች። አልተከራከራትም። ቁመቱን በእጅ አንጓዋ ልክ አስተካክሎ በር ሥር አቁሞላት ሄደ። ስትይዘውም ከደከመው እግር በተቃራኒ ባለው እጅ መሆኑን አሳያት። (ሰፈራችን ውስጥ የማያቸው አብዛኞቹ በደከመው በኩል ነው የሚይዙት።) አሁን ይዛው ክፍል ትገባለች።

ተአምር አልሆነም። ኤምአርአዩ ያው ነው። ኮሪደሩን ግን ከመጀመሪያው ቀን ፈጠን ብላ ታቋርጣለች፣ ግድግዳ መደገፍም ትታለች። ግራ እጇ ብርጭቆ አይለቅም።

እንከን ካላችሁኝ፣ ያረፍዳል። መንገዱን ታውቁታላችሁ። ደግሞ ቤት የሰጠውን ልምምድ ያልሰራ ሰው ላይ ይቆጣል። አዲስ ምልክት መጥቶ ከ24 ሰዓት በላይ ከቆየ እሱ ጋ አትደውሉ፣ መጀመሪያ ሐኪም ጋ ነው የሚልካችሁ።

ስትጽፉልኝ ሰፈራችሁንና ታማሚው በራሱ መቆም መቻል አለመቻሉን ንገሩኝ። ሩቅ ከሆናችሁ ብዙዎቻችሁን በአንድ ቀን አገናኝቶ ቢመጣ ይቀለዋል። ቅዳሜ ከሰዓትና እሁድ አይሰራም።