ማትፕሎትሊብ፦ ማውሱ የነካው ነጥብ የት ነው?

የ1998 ዓ.ም.ን የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ እዚሁ ድሬዳዋ ለተማሪዎች ለማስረዳት የዝናብ ግራፍ ያዘጋጀሁበት ማትፕሎትሊብ (የፓይተን ፕሮግራም ቋንቋ የግራፍ መሥሪያ)፣ ግራፉ በማውስ ሲጫን ሁለት ዓይነት መገኛ ይሰጣል፤ አንደኛው ከምስሉ ታችኛ ግራ ጥግ በፒክስል የሚቆጠር፣ ሁለተኛው ግራፉ ላይ የሚነበበው የዳታ ዋጋ ነው። አብዛኞቹ የስክሪን መስኮቶች ግን ከላይ ስለሚቆጥሩ፣ ፒክስሉን ከምስሉ ቁመት ሳልቀንስ በመቅረቴ አናት ላይ የነካሁት ነጥብ ታች ምልክት ተደረገበት (ጥፋቱ የራሴ ነበር)። ከግራፉ ክልል ውጭ ሲነካ የዳታው ዋጋ ባዶ ስለሚሆን አስቀድሞ መፈተሽ ያስፈልጋል። ፒክስልን ወደ ዳታ ለመመለስ በእጅ ከማካፈል ይልቅ ዳታን ወደ ፒክስል የሚቀይረውን «ትራንስዳታ»ን (transData) ገልብጦ መጠቀም በሎጋሪዝም ሚዛን ላይ እንኳ አያሳስትም። ቅር ያሰኘኝ፣ ቀኑን እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ጀምሮ በተቆጠሩ ቀናት ብዛት መመለሱ ብቻ ነው።