ስምንት ወር ከኦፕንኤምፒቲ ጋር፦ ስለ ሳምፕል ገጹ

ከጥቅምት ጀምሮ ሙዚቃ የምሠራው በኦፕንኤምፒቲ ነው። አሁን ሰኔ ገብቷል። ለማያውቀው፣ ኦፕንኤምፒቲ ትራከር የሚባለው የሶፍትዌር ዓይነት ነው። ኖታው በፊደልና በቁጥር ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፣ ድምፁ ደግሞ ሳምፕል ከሚባሉ አጫጭር ቅጂዎች ይመጣል። ነፃ ነው። አሮጌ ላፕቶፔም አይከብዳትም። እኔ ማውራት የፈለግኩት ስለ ሳምፕል ገጹ ነው፤ አብዛኛውን ሰዓት የምውለው እዚያ ነውና።

መኪና ግርግርን የሐረር ሰው ያውቀዋል። ጀጎል ውስጥ ልብስ ሰፊዎች የተደረደሩበት ጠባብ መንገድ ነው፤ ስሙም የመጣው ከስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ነው። አንድ ቀን ስልኬን ይዤ ሄድኩና አንዱን አዛውንት «ጋሼ፣ የመኪናውን ድምፅ ልቅዳ?» አልኳቸው። «አብሽር፣ ቅዳ!» አሉና መርገጫውን ረገጡልኝ። 20 ሰከንድ ያህል ቀዳሁ።

ቤት ገብቼ ስከፍተው ድምፁ ስክሪኑ ላይ ተስሎ ታየኝ። መርፌው ጨርቁን በወጋ ቁጥር አንድ ሹል ጫፍ ይወጣል፤ ከሱ ቀጥሎ ደግሞ ዝቅ ያለች ሌላ አለች። በጆሮዬ አንድ ወጥ «ግርርር» የነበረው፣ በዓይን ሲታይ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ተገኘ። አንዱን ጥንድ በማውስ መረጥኩና ሌላውን ከረከምኩት። ከዚያ ኪቦርዱን ስነካ የስፌት መኪናዋ ከበሮ ሆነች። ታችኛው ኦክታቭ ላይ ወፍራምና ዘገምተኛ፣ ላይኛው ላይ ቀጭንና ፈጣን። አንድ ኦክታቭ ከፍ ሲል ሳምፕሉ በእጥፍ ፍጥነት ስለሚጫወት ነው። ያን ቀን እስከ እኩለ ሌሊት አልተነሳሁም።

ሉፕ ግን አስቸግሮኛል። የማሲንቆ ድምፅ ሳይቋረጥ እንዲቀጥል ሳምፕሉ ላይ የሉፕ መነሻና መድረሻ ታደርጋለህ። ሁለቱ ነጥቦች ሞገዱ ላይ ካልገጠሙ በየዙሩ «ጠቅ» ይላል። ሞገዱ የመሃሉን መስመር ሲያቋርጥ ጠብቆ ነጥቦቹን እዚያ ማስቀመጥ ይረዳል። እሱም ካልበቃ ጫፎቹን የሚያዋህድ ክሮስፌድ አለ። ለአንድ የማሲንቆ ድምፅ ሦስት ምሽት ፈጅቶብኛል፣ ግን ዛሬም ስሰማው ደስ ይለኛል።

ክራሩን የደረደረልኝ አጎቴ ነው። መጀመሪያ አንዱን አውታር ብቻ ቀድቼ ኪቦርዱን በሙሉ በሱ ልጫወት ሞከርኩ። አልሆነም፤ ከፍ ሲል የክራር ለዛው ይጠፋል። ስለዚህ ስድስቱንም አውታሮች ለየብቻ ቀዳንና ኢንስትሩመንት ገጹ ላይ እያንዳንዱን ለየራሱ ቁልፍ ሰጠሁት። ቅኝቱም የተስተካከለው እንዲህ ነው። የአጎቴ ትዝታ ከፒያኖው ድምፆች ጋር ልክ አይገጥምም፣ እንዲገጥምም አልፈልግም። የአንዱን ሳምፕል ፍሪኩዌንሲ፣ ማለትም የሚጫወትበትን ፍጥነት፣ ከ44100 ወደ 43900 ሳወርደው ድምፁ በጣም በትንሹ ዝቅ አለ። አጎቴ አጠገቤ ቁጭ ብሎ «አሁን መጣች» አለ።

አሁን ወደ ማስቀመጡ። መጋቢት ላይ የስልኬ ሚሞሪ ካርድ ተበላሸ። የቀዳሁት ሁሉ እዚያ ነበር። አጎቴም ያኔ ወደ ድሬ ሄዷል። የትራከር ዘፈን ግን ድምፆቹን በሆዱ ይዞ ነው የሚዞረው። ከአሚጋ ኮምፒውተር ዘመን የመጣ ልማድ ነው። በ1987 እ.ኤ.አ. ካርስተን ኦባርስኪ የሠራው አልቲሜት ሳውንድትራከር 4 ቻናል ብቻ ነበረው፤ ከሱ የተወለዱት የሞድ ፋይሎች ኖታውንም ሳምፕሉንም አንድ ላይ ያስቀምጣሉ። የክራሩን ዘፈን ከፈትኩ፣ ሺፍት ይዤ ሳምፕል ገጹ ላይ ያለውን የማስቀመጫ ምልክት ተጫንኩ፣ ሁሉም በአንዴ ዋቭ ሆነው ወጡ። ስድስቱም አውታር። የከረከምኩት ግን አልተመለሰም። አጎቴ መሀል ላይ ያሰማት ሳቅ ቀርታለች። እስካሁን ያንገበግበኛል። ስለዚህ ከመከርከሜ በፊት ሙሉውን ቅጂ ፍላሽ ላይ አኖራለሁ።

ሌላ ጥንቃቄም አለ። ፋይሉ እንዲቀልልኝ ብዬ አንድ ዘፈን በሞድ ፎርማት አስቀመጥኩ። ሞድ የሚይዘው 8 ቢት (ጥራቱ ዝቅ ያለ) ሳምፕል ብቻ ስለሆነ ክራሩ ሹክሹክ እያለ ተመለሰ። አሁን አይቲ በሚባል ሌላ የትራከር ፎርማት ነው የምሠራው፤ እሱ 16 ቢት ይይዛል።

በጣም የወደድኩት ሌላው ነገር በግራ በኩል ያለው ዝርዝር ነው። የድሮ ሞጁል፣ ማለትም የትራከር ዘፈን ፋይል፣ እንደ ፎልደር ይከፈትልሃል። ውስጡ ያሉትን ሳምፕሎች አንድ በአንድ እየነካህ ትሰማለህ። ብዙዎቹ ሠሪዎች የሳምፕል ስም በሚጻፍበት ቦታ ለጓደኞቻቸው ሰላምታ ጽፈዋል። ሰው ቤት የገባሁ ይመስለኛል። የሰውን ሳምፕል ወስጄ ግን ዘፈኔ ውስጥ አልከትም፤ እንዴት እንደከረከሙት፣ ሉፑን የት እንዳደረጉት አይቼ እማራለሁ።

የሚቀረውን ልንገራችሁ። የተሠራው ለዊንዶውስ ነው። ቁልፎቹ ብዙና ጥቃቅን ናቸው፤ በትንሽ ስክሪን ዓይን ያደክማል። ከሁሉ የሚከብደኝ ግን የአይቲ ፎርማት የሳምፕል ስም ላይ ለግዕዝ ፊደል ቦታ የሌለው መሆኑ ነው። በላቲን አሳጥሬ እጽፍና ትክክለኛውን ስም ደብተር ላይ ከቁጥሩ ጋር እመዘግባለሁ። «7፦ ክራር፣ ሦስተኛ አውታር። 14፦ የጋሼ መኪና፣ ቀስ ሲል።»